ሰባት ሰው፣ ሰባት ሌሊት፦ ኦርላንዶ፣ ላስ ቬጋስ ወይስ የሎውስቶን?

ጥያቄ፦ ከሐረጎ ማዶ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል፤ ለሰው ክፍል ስሰጥ ኖሬ ለራሴ ቤተሰብ ክፍል መምረጥ ሲያቅተኝ ግን ትንሽ አፍሬአለሁ። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ በመጪው ነሐሴ እናታችንን፣ እኔንና ባለቤቴን ጋብዛናለች፤ ቪዛውም ተመስገን ተሳክቷል። እሷ ቤት ከምንቆይባቸው ቀናት ሰባት ሌሊት ወስደን፣ ከባለቤቷና ከሁለቱ ልጆቿ ጋር በጠቅላላው ሰባት ሆነን አንድ የዕረፍት ቦታ ለመሄድ አስበናል። ምርጫውን "አንተ የሆቴል ሰው ነህ" ብላ እኔ ላይ ጣለችው።

የላከችልኝ አማራጮች ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ፣ ኔቫዳ ውስጥ ላስ ቬጋስ፣ እንዲሁም የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። የቸገረኝ ዋጋዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማወዳደር አለመቻሌ ነው። ላስ ቬጋስ ላይ አንድ ግዙፍ ሆቴል ማክሰኞ ሌሊት 108 ዶላር ብሎ ያንኑ ክፍል ቅዳሜ 260 ዶላር ይለዋል። የሎውስቶን ውስጥ ደግሞ ቴሌቪዥን የሌለው፣ መታጠቢያው ኮሪደር ላይ የጋራ የሆነ ክፍል ከላስ ቬጋሱ የማክሰኞ ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል። ኦርላንዶ ላይ ቁርስ የሚያበላው ሆቴል ርካሽ፣ የማያበላው ውድ ሆኖ አገኘሁት። እኛ ዘንድ ቁርስ ከክፍሉ ጋር መምጣቱ የተለመደ ነው፤ እንግዳው የሚጠይቀን ቢበዛ 10 በመቶው የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶው ቫት ተጨምሮ እንደሆነ ነው። እዚያ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አላወቅሁም። ኮከቡም አልረዳኝም፤ አንዱ ድረ ገጽ አራት የሰጠውን ሌላው ሦስት ይለዋል።

ስለ ቤተሰቡ ማወቅ የሚገባችሁን ልናገር። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣትና ረጅም መንገድ መሄድ አትችልም። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ እሷ ደግሞ ጾሟን በምንም ምክንያት አታፈርስም። የእህቴ ባለቤት የቦሩ ሜዳ ልጅ፣ ሙስሊም ነው፤ እሱ ስለሚበላው ሥጋ ይጠይቃል። ልጆቹ 6 እና 11 ዓመታቸው ነው። የትኛው ቦታ ያምራል የሚለውን ፎቶው ይነግረኛል፤ ከእናንተ የምፈልገው በእንዲህ ያሉት ቦታዎች ያደረ ወይም የሠራ ሰው ሆቴሎቹን በምን መለኪያ እንደሚያወዳድር ነው።

መልስ፦ የጦሳ ልጅ (ላስ ቬጋስ)

ወንድሜ፣ እንኳን ቪዛው ተሳካላችሁ። እኔ የሸዋ በር ልጅ ነኝ፤ እዚህ ከተማ በአንድ ትልቅ ሆቴል ክፍል በማጽዳት ሥራ ላይ ከተሰማራሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የሆቴሉን ስም አልጠቅስም፤ እንጀራዬ ነው።

ያ 108 ዶላር ወጥመድ ሥር እንደተበተነ ጥሬ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ክፍል በራሱ ዋናው ሸቀጥ አይደለም፤ ክፍሉ ርካሽ የሚሆነው እንግዳው ገንዘቡን ታች ካሲኖው፣ ምግብ ቤቱና ትርኢቱ ላይ እንዲያፈስ ነው። የሳምንቱ መካከል ርካሽ ሆኖ ዓርብና ቅዳሜ ዋጋው ሰማይ የሚነካውም ከሎስ አንጀለስ አራትና አምስት ሰዓት ነድቶ የሚመጣው ሕዝብ ለሳምንቱ መጨረሻ ስለሚጎርፍ ነው። ትልቅ የስብሰባ ሳምንት ላይ ከወደቃችሁ ደግሞ ማክሰኞም እንደ ቅዳሜ ይሸጣል።

በክፍሉ ዋጋ ላይ "ሪዞርት ፊ" የሚሉት የግዴታ ክፍያ አለ፤ በዋናው ጎዳና ባሉት ትልልቅ ሆቴሎች በሌሊት ከ40 እስከ 55 ዶላር ይደርሳል። መዋኛውን ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም፣ ኢንተርኔቱን ብትከፍቱም ባትከፍቱም ይከፈላል። ቀደም ሲል ይህ ገንዘብ የሚታየው ክፍያው መጨረሻ ላይ ስለነበር ሰው ሲበሳጭ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ግን የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያቸውን ከመጀመሪያው በሚያሳዩት ዋጋ ውስጥ እንዲያካትቱ አስገድዷል። ክፍያውን አልከለከለም፤ መደበቁን ነው የከለከለው። ስለዚህ ካዩት 108 ዶላር ግማሽ ያህሉ ይኸው ክፍያ ሊሆን ይችላል። ግብሩን ግን ደንቡ ከመጀመሪያው አሳዩ አይልምና እዚህ ከ13 በመቶ በላይ የሆነ የክፍል ግብር ይጨምሩበት። መኪና ከያዛችሁም ብዙዎቹ ሆቴሎች ማቆሚያውን ለብቻው ያስከፍላሉ።

ከዚያ ሌላ ሲገቡ ካርድ ላይ የሚያዝ መያዣ አለ። ገንዘቡ ባይወሰድም ለጥቂት ቀናት ይታገዳልና፣ ካርዱ የእህትዎ ከሆነ የምትከፍልበት ገንዘብ እንዳያጥራት አስቀድማ ትወቅ።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። አጎቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ አንድ ሆቴል ውስጥ አረፈ። ክፍሉ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር ጠርሙስ ውኃ፣ ለውዝና ቸኮሌት ተደርድሯል። አጎቴ ውኃውን አንሥቶ ጽሑፉን በመነጽሩ ካነበበ በኋላ መልሶ አስቀመጠው፤ ለውዙንም እንዲሁ። ጠርሙሶቹ የቆሙት ክብደት በሚያውቅ መሣሪያ ላይ ነበርና፣ ሲወጣ ያልጠጣው ውኃና ያልቀመሰው ለውዝ በሒሳቡ ተቆጥሮ ቆየው። ተከራክረን አስቀነስነው፤ ነገር ግን ልጆች ይዛችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ያንን መደርደሪያ መከለል ነው።

ለእናትዎ የምሰጋው ግን ገንዘቡን አይደለም። እዚህ "ሆቴሉ ውስጥ ነው" ማለት "ቅርብ ነው" ማለት አይደለም። ኤም ጂ ኤም ግራንድ ብቻውን ከ5,000 በላይ ክፍል አለው፤ ከክፍል ወደ አሳንሰር፣ ከአሳንሰር በካሲኖው መካከል አልፎ እስከ ዋናው በር መሄድ ለጤነኛ ሰው እንኳ ሩብ ሰዓት የሚፈጅባቸው ሆቴሎች አሉ። ካሲኖው ውስጥ ሲጋራ ይጨሳል። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በዚያ ማለፍ እንጂ መቆም አይፈቀድለትም። በነሐሴ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ሙቀት አውቃለሁ እያለ መጥቶ በሁለተኛው ቀን ከክፍል አልወጣም ሲል አይቻለሁ።

ሙልጭ አድርጌ ላለመንቀፍ ያህል፣ የቤላጂዮ ፏፏቴ በነጻ የሚታይ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቱም ብዙ ስለሆነ የእናትዎ ጾም አያስቸግርም። የግድ እዚህ ከመጣችሁ ካሲኖ የሌለውን ሆቴል ፈልጉ፤ ለምሳሌ ቪዳራ ካሲኖም ጭስም የለውም፣ ክፍሎቹም ትንሽ ማብሰያ አላቸው። ሪዞርት ፊው ግን አይቀርም።

ከሥራዬ የተነሣ አንድ ነገር ላስቸግር፦ ለክፍል አጽጂ ጉርሻ የምትተዉ ከሆነ በየቀኑ ተዉ፤ በመጨረሻው ቀን አንድ ላይ የተተወ ገንዘብ ሳምንቱን ሙሉ ላጸዳችላችሁ ሰው ሳይሆን በዚያ ቀን ለተመደበችው ይደርሳል።

መልስ፦ የቧንቧ ውኃ ሰፈሯ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለእርስዎ። እኔ እናቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ኦርላንዶ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የመጀመሪያው ላይ የተሳሳትኩት ሁለተኛውን አስተምሮኛል።

ኦርላንዶ አንድ ቦታ አይደለም። ሆቴሎቹን በሦስት ከፍላችሁ ካላያችኋቸው ዋጋው ምንም አይነግራችሁም። የመጀመሪያዎቹ ዲዝኒ ወርልድ በተባለው የመዝናኛ መናፈሻ ግቢ ውስጥ ያሉት የራሱ የዲዝኒ ሆቴሎች ናቸው። ግቢ ስል አጥር ያለው ቅጥር እንዳይመስልዎት፤ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት የነበሩት ኮንቴምፖራሪና ፖሊኔዥያን የተባሉት ሆቴሎች ዛሬም አሉ፤ ከዋናው መናፈሻ ጋር ሞኖሬል በሚባለው ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር ስለሚገናኙ ዋጋቸው የሚያስደነግጥ ነው። ዲዝኒ ሆቴሎቹን ራሱ በሦስት ደረጃ ይመድባቸዋል፤ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ክፍሉ ጠባብ፣ ምግቡ እንደ ካፌ ተሰልፎ የሚወሰድ ነው፤ ነገር ግን ወደ መናፈሻዎቹ የሚወስደው አውቶቡስ ነጻ ነው፣ የመኪና ማቆሚያ አይከፈልም፣ ሪዞርት ፊም የለም። የላስ ቬጋሱ ወንድማችን ከነገረን ጋር ሲያስተያዩት ውድ የሚመስለው እዚህ ላይ ይቀንሳል።

ሁለተኛዎቹ የሌላው የመዝናኛ መናፈሻ፣ የዩኒቨርሳል ሆቴሎች ናቸው። እዚያ ሪዞርት ፊ የለም፣ ማቆሚያ ግን ይከፈላል። ውድ ከሆኑት ሆቴሎቻቸው በሦስቱ፣ ማለትም በፖርቶፊኖ ቤይ፣ በሃርድ ሮክና በሮያል ፓሲፊክ ያረፈ ሰው በሁለቱ የቆዩ መናፈሻዎች ረጅሙን ሰልፍ የሚያልፍበት ፈቃድ ከክፍሉ ጋር ያገኛል። ያ ፈቃድ ለብቻው ሲገዛ ለሰባት ሰው ከክፍሉ በላይ ሊያወጣ ስለሚችል፣ "ውድ" የተባለው ሆቴል ለአንድ ሌሊት ሲያድሩበት ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከልጆችዎ፣ ማለቴ ከእህትዎ ልጆች፣ ለዩኒቨርሳል የሚሆነው የ11 ዓመቱ ነው እንጂ የ6 ዓመቱ ለብዙዎቹ መጫወቻዎች ቁመቱ ላይደርስ ይችላል።

ሦስተኛዎቹ ከግቢዎቹ ውጭ ያሉት ናቸው፤ ቁርስ የሚያበሉት ርካሽ ሆቴሎች ያሏቸው እነዚህ ናቸው። ሃምፕተን፣ ሆሊዴይ ኢን ኤክስፕረስ፣ ኮምፎርት የሚባሉት ቁርስን ከክፍሉ ጋር ይሰጣሉ። ሆምዉድ ስዊትስና ሬዚደንስ ኢን ደግሞ በቁርሱ ላይ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ዕቃ ያለው ወጥ ቤት ይጨምራሉ። እርስዎን ግራ ያጋባዎት ነገር ሥርዓቱ ነው፦ በአሜሪካ ቁርስ የሚሰጠው መንገደኛን የሚያሳድረው መካከለኛ ሆቴል ነው፤ ትልቁ ሪዞርት እንግዳው ሁሉንም ከእሱ እንዲገዛ ስለሚፈልግ እንቁላሉንም ይሸጣል። ኮከብ የሚሰጥ መንግሥታዊ አካልም የለም፤ እኛ ዘንድ በ2007 ዓ.ም. እንደተደረገው ያለ የአገር አቀፍ ምደባ እዚህ አይደረግም። የመኪና ባለቤቶች ማኅበሩ "ዳይመንድ" ይሰጣል፣ ፎርብስ የተባለው መመሪያ ለውዶቹ ኮከብ ይሰጣል፤ የቀረው የየድረ ገጹ የራሱ ስሌት ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። በመጀመሪያው ጉዞ እንዲህ ያለ ወጥ ቤት ያለው ሆቴል ይዘን እናቴ በሻንጣዋ ጀበና፣ ስኒና ጥሬ ቡና ይዛ ነበር። እሑድ ጠዋት ምድጃው ላይ መጥበሻ ጥዳ ቡናውን መቁላት ጀመረች። ቡናው ፈካ፣ ጭሱ ተነሣ፣ እሷም እንደ ልማዷ ሁላችንም እንድናሸተው መጥበሻውን ይዛ በየአልጋው ስትዞር ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ለመክፈት የሞከርኩት መስኮት የማይከፈት ሆኖ ተገኘ። ትንሹ ልጄ ጆሮውን ይዞ ኮሪደር ላይ ወጣ፤ ጎረቤቶቹ በፒጃማ ብቅ ብቅ አሉ፤ አንድ ሠራተኛ እየሮጠ መጣ። እናቴ ግን መጥበሻዋን ሳታስቀምጥ "ንገሪው፣ ቡና ነው፤ ሲፈላ ይመለስ" አለችኝ። ክፍል ውስጥ ሲጋራ እንዳጨስን ተቆጥሮ 250 ዶላር ካርዴ ላይ ተጻፈ፤ ለማስመለስ ሁለት ሳምንት ስልክ ስደውል ከረምኩ።

በሁለተኛው ጊዜ ሆቴል አልያዝንም፤ ኪሲሚ በሚባለው፣ ከዲዝኒ አጠገብ ባለው አካባቢ ባለ አራት መኝታ ቤት ተከራየን። እናንተ ሰባት ናችሁ፤ መደበኛው የሆቴል ክፍል ደግሞ ከአራት ሰው በላይ አይቀበልም፤ የዲዝኒ የቤተሰብ ስዊት እንኳ የሚይዘው ስድስት ነው። ሁለት ክፍል ስትይዙ በመካከል በር ያላቸው እንዲሆኑ ብትጠይቁም ብዙ ሆቴሎች "እንሞክራለን" እንጂ "እንሰጣለን" አይሉም፤ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በኪራይ ቤቱ ዋጋ ላይ የጽዳት ክፍያና በዚያ አካባቢ 13.5 በመቶ ግብር ይጨምራል። ለጾሙ ሽሮው ከእህትዎ ቤት ይጫናል፤ ለእህትዎ ባለቤት ሐላል ሥጋ የሚሸጡ ሱቆች ኦርላንዶ ውስጥ አሉ። መናፈሻ ውስጥ ደግሞ እናትዎ ሲርባቸው "ቬጋን" ብላችሁ ጠይቁ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ማለት ስለሆነ ከእኛ ጾም ጋር ይገጥማል።

ነሐሴ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል ነጎድጓድና ዝናብ አለ፤ የማዕበል ወቅቱም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ስለዚህ ትንሽ ቢወደድም መሰረዝ የሚቻለውን ዓይነት ይያዙ።

መልስ፦ ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

እኔ ዴንቨር ውስጥ አሥራ አራት ዓመት መንገደኛ ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ሆቴል ሳመላልስ ኖሬ አሁን ወደ ኮምቦልቻ ተመልሻለሁ፤ ሦስቱንም ቦታዎች አይቻለሁ። ለየሎውስቶን የሚሟገት ስለጠፋ እኔ ልቁም።

ወንድሜ ያ ቴሌቪዥን የሌለው ክፍል ለምን እንደሚወደድ ጠይቀዋል። ክፍሉ የተወደደው በውስጡ ባለው ዕቃ አይደለም፤ በሩ በሚከፈትበት ቦታ ነው። ኦልድ ፌይዝፉል ኢን የሚባለው ሆቴል በ1904 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ከግንድ የተሠራ ቤት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ገብተው ቀና ሲሉ ጣሪያው ከ20 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጠማማ ቅርንጫፎቹ ሳይቀሩ እንደ በቀሉ ተደግፈውበታል። የደሴውን የአይጠየፍ አዳራሽ አይቶ ያደገ ሰው ትልቅ ቤት ብርቅ አይሆንበትም፤ ይህ ግን አስቁሞኛል። በአሮጌው የሆቴሉ ክንፍ የብዙዎቹ ክፍሎች መታጠቢያ የጋራ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣ የለም፣ ቴሌቪዥንም ሬዲዮም የለም። ነገር ግን ከበሩ ወጥተው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ኦልድ ፌይዝፉል የሚባለው ፍልውኃ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንዴ ወደ ሰማይ ይወረወራል። እናትዎ ከወንበራቸው ሳይነሡ ያዩታል፤ በአቅራቢያው ያለው የእንጨት መተላለፊያም ደረጃ የለውም።

የአሜሪካ የጉዞ መጻሕፍት "ከፍታው ያዞራል፣ ቀስ በሉ" እያሉ ያስፈራራሉ። ቦታው 2,240 ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ከዚያ ትበልጣለች። አብሽር፣ እናንተን አያዞራችሁም። የነሐሴው አየርም ቀን ሞቅ፣ ማታ ብርድ፣ ልክ እንደ ደሴ ጥቅምት ነው።

ሆኖም እውነቱን ካልነገርኩ ሙግቴ ዋጋ የለውም። ፓርኩ ውስጥ ያሉት ሆቴሎች ክፍል የሚያዘው ከዓመት በፊት ነው፤ አሁን ለነሐሴ የምታገኙት ሰው የሰረዘውን ነው፣ እሱም አንድ ሌሊት እዚህ፣ ሁለት ሌሊት እዚያ ተበጣጥሶ እንጂ ሰባት ሌሊት ተያይዞ አይመጣም። ከፓርኩ ውጭ ዌስት የሎውስቶን በምትባለው ከተማ ብታድሩ በየቀኑ ብዙ መንዳት አለባችሁ። ሐላል ሥጋም ሆነ የጾም ምግብ አስቀድማችሁ ጭናችሁ ካልሄዳችሁ በቀር በቀላሉ አታገኙም። በዚህ ላይ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ አዲስ ክፍያ መጥቷል፤ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነና 16 ዓመት የሞላው ጎብኚ የሎውስቶንንና ግራንድ ካንየንን ጨምሮ በ11 ፓርኮች ከመደበኛው መግቢያ ሌላ 100 ዶላር ይከፍላል፤ አለዚያ 250 ዶላር የሚያወጣውን የነዋሪ ያልሆኑ የዓመት ፓስ መያዝ አለበት። ከደሴ የምትሄዱት ሦስት ስለሆናችሁ ይህን በሒሳባችሁ አግቡት።

የኦርላንዶዋ እህታችን ሳይጠቅሱት ያለፉት አንድ የዲዝኒ ሆቴል አለ፤ እንግዳው በረንዳው ላይ ቆሞ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሲግጥ ያያል። የሚያስከፍለውን ስሰማ አገሬ ገብቼ ነጭ ሣር ድረስ ብሄድ ይረክሰኝ ነበር አልኩ። ከአፍሪካ ተነሥቶ የሜዳ አህያ ለማየት ፍሎሪዳ መሄድ ለእኔ አልተዋጠልኝም።

መልስ፦ የቧንቧ ውኃ ሰፈሯ (ቨርጂኒያ)

ስለ ቀጭኔው ተስማምቻለሁ። ልጆቼ ግን አልተስማሙም።

መልስ፦ የፒያሳው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አጭር ሐሳብ ብቻ ላክል። ሃዋይን ያነሣ የለም እንጂ ቢነሣም ከሜሪላንድ ለሰባት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት፣ በዚያ ላይ ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ የክፍል ግብር አለበት፤ ከምሥራቁ ዳርቻ ለሚነሣ ቤተሰብ ለሰባት ሌሊት አይመከርም። ማያሚም በነሐሴ ከኦርላንዶ የተለየ አየር የላትም።

እኔ የምጠይቀው ለምን ትበራላችሁ የሚለውን ነው። ከዚህ ሦስት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ዊልያምስበርግ፣ ቨርጂኒያ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ግሬት ዉልፍ የሚባለው ሪዞርት ቤት ውስጥ የተሠራ የውኃ መጫወቻ አለው፣ መግቢያውም ለተመዘገቡት እንግዶች ከክፍሉ ዋጋ ጋር ነው። ዝናብ ቢመጣ የማያቋርጥ ጨዋታ ነው። ሰባት የአውሮፕላን ቲኬት የሚያወጣው ገንዘብ ሁለት ስዊት ይይዝላችኋል። ማስጠንቀቂያዬ ሪዞርት ፊው እዚያም እንዳለና ማታ ማታ ልጆች አንዷን ነገር ግዙልን እያሉ የሚነዘንዙባቸው ሱቆች በየኮሪደሩ እንዳሉ ነው።

ሌላው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ዋጋ የሚጠቃለልበትን ሪዞርት አሜሪካ ውስጥ ብዙ አታገኙም፤ ያ በሜክሲኮና በካሪቢያን ነው የሚበዛው። ዘመድ "ካንኩን እንሂድ፣ መርከብ እንሳፈር" ካላችሁ ቪዛችሁ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ መሆን አለመሆኑን ሳታዩ እሺ አትበሉ።

ምላሽ፦ ከሐረጎ ማዶ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ የነገራችሁኝን ይዤ በካልኩሌተር ስሠራ አደርኩ።

ላስ ቬጋስ፦ አምስት ሌሊት በ108፣ ሁለት ሌሊት በ260፣ ለአንድ ክፍል 1,060 ዶላር ይሆናል። ግብሩ ሲታከል 1,200 ገደማ፣ ሁለት ክፍል ስለሚያስፈልገን 2,400 ይሆናል፤ ቁርስ የለበትም፣ ማቆሚያም አልተቆጠረም። እህቴ ኪሲሚ ያገኘችው ባለ አራት መኝታ ቤት ደግሞ ለሰባት ሌሊት 1,540 ዶላር፣ ጽዳቱ 175፤ ከነግብሩ 1,950 ገደማ ይመጣል። ለሰባት ሰው ሲካፈል በሌሊት ለአንድ ሰው 40 ዶላር እንኳ አይሞላም። በመጀመሪያ ያየሁት ዋጋ "ርካሽ" ያለኝ ላስ ቬጋስን ነበር።

መናፈሻዎቹን በተመለከተ ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣውን የአንድ ቀን ቲኬት ሰባታችንም በየቀኑ ልንገዛ አንችልም፤ ሁለት ቀን እህቴና ባለቤቷ ልጆቹን ይዘው ይሂዱ፣ አንዱን ቀን እኛም እንጨመር ብለናል። ዊልያምስበርግን እህቴ ወድዳው ነበር፤ የእሷ ባለቤት ግን በሥራ ምክንያት በየወሩ በዚያ መንገድ ስለሚመላለስ "ለዕረፍት ከሆነ አላየውም" አለ። የሎውስቶን ሲነበብ ልቤን ወስዶታል፤ ተበጣጥሶ የሚገኝ ክፍል ይዤ እናቴን በየሌሊቱ ሻንጣ ማስጠቅለል ግን በሆቴል ሠራተኝነቴ አልፈቅደውም፤ እንዲህ ያሉ እንግዶች ጠዋት ጠዋት ሲወጡ ፊታቸውን አውቀዋለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ፎቶው ላይ መኝታ ቤቶቹ ሦስቱ ላይኛው ፎቅ፣ አንዱ ምድር ላይ ነው። የምድሩ መታጠቢያ ባለ ገንዳ ነው፤ እናቴ ደግሞ የገንዳውን ጠርዝ እግሯን አንሥታ መሻገር አትችልም። እንዲህ ያለው እንዴት ይጠየቃል?

መልስ፦ የቧንቧ ውኃ ሰፈሯ (ቨርጂኒያ)

ይህ ትልቁ ነገር ነው፤ እንኳን አዩት። ሆቴል ቢሆን ኖሮ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ደፍ የሌለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት ሻወር ያለውን ክፍል ለይተው ማስያዝ ይችሉ ነበር። የግለሰብ ኪራይ ቤት ግን እንደ ባለቤቱ ነው። እህትዎ ለባለቤቱ ትጻፍና የምድሩ መታጠቢያ ፎቶ፣ የገንዳው ጠርዝ ቁመት ጭምር ይላክላት፤ በቃል "ምቹ ነው" ቢሏት አትቀበል። ሻወሩ የማይመች ከሆነ በዚያው አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሞልቷል።

በተረፈ ከኋላው በመረብ የተከለለ፣ መዋኛው ያለበት በረንዳ እንዳለው ፎቶው ላይ ያረጋግጡ፤ ወለሉ አጠገብ የኤሌክትሪክ ሶኬትም ይኑረው። የቡና ምድጃ እዚያው ሱቅ በ20 ዶላር ገደማ ይገዛል።

ምላሽ፦ ከሐረጎ ማዶ (ደሴ)

በረንዳ አለው፣ ሶኬትም ይታያል። ለእናቴ ሳነብላት "ጭሱ እላይ ጎረቤት እንዳይደርስ ቡናውን ቀድሜ እዚህ ቆልቼው ልሂድ እንዴ?" አለች። ቆልታ እንድትሄድ ተስማምተናል፤ ለማንኛውም ብላ ግን አንድ ኩባያ ጥሬ ቡና ሻንጣዋ ውስጥ ደብቃ ማስገባቷን ባለቤቴ ነግራኛለች። ለቤቱ ባለቤት ስለ መታጠቢያው ዛሬ ማታ እንጽፋለን።